«ድሮ» ዓመተ ምሕረት አይደለም

የምትከታተሏቸውን ቻናሎች አንድ በአንድ ብትከፍቱ፣ ቢያንስ አንዱ በዚህ ሳምንት የድሮ ፎቶ ለጥፏል። ጥቁርና ነጭ ነው። ሰፊ መንገድ፣ ጥቂት መኪና፣ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች፣ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶች ይታያሉ። ከሥሩ «አዲስ አበባ ድሮ» ተብሎ ተጽፏል። የልብ ምልክቱ ይዘንባል። ኮመንት ላይ አንዱ «እንዴት ያለ ዘመን ነበር!» ይላል። ሌላው «በጃንሆይ ጊዜ እንዲህ ነበርን» ይላል። ሦስተኛው መጥቶ ሁለቱንም ይሰድባቸዋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፎቶው ተረስቶ የተለመደው ጠባችን ይቀጥላል።

ሁለቱ ሴቶች እነማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ እነሱ ነው። የድሮ ፎቶና ፖስት ካርድ ሰብስቦ ማጋራት መልካም ሥራ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ አሁን በያዝነው አካሄድ ላይ ነው። ፎቶውን እያተረፍን ሰውየውን እየጣልነው ነው። ማን፣ የት፣ መቼ የሚሉትን ሦስት ቃላት ከምስሉ ላይ ገፍፈን የቀረውን ባዶ መልክ ከስልክ ወደ ስልክ እናዞራለን። ይህን ስናደርግ ደግሞ ሳናውቀው የአንድ መቶ ዓመት ዕድሜ ያለውን የሌሎች ስህተት እንደግማለን።

◾ ምስጋናው ይቅደም

እነዚህ ሰብሳቢዎች ባይኖሩ አብዛኞቻችን የአያቶቻችንን ዘመን ፊት ለፊት አናይም ነበር። ማኅደር ያላቸው ተቋሞቻችን በራቸው ለተራ ሰው ጠባብ ነው። የትብብር ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤውን የሚመራው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው፤ ፋይሉ ያለበት ክፍል ቁልፍ ደግሞ ፈቃድ የወጣ ሰው ጋር ነው። እኔም ለአንድ ጽሑፍ አንዲት ፎቶ ፈልጌ አንድ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ጽሑፉ የሚወጣበት ቀን አልፏል። ስለዚህ አንድ ወጣት በገዛ ኢንተርኔቱ፣ በገዛ ስልኩ የድሮ ፎቶ ሲያሳየን ልናመሰግነው ይገባል።

ጥሩ ምሳሌም አለን። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ሥራ ከከተማዋ ቤተሰቦች አልበም ፎቶዎችን ከባለቤቶቹ ትዝታ ጋር አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል። ሠርግ፣ ምረቃ፣ ሽርሽር፣ የሰፈር ልጆች ቡድን አለበት። የተራ ሰው አልበም የአገር ታሪክ መሆኑን ብዙዎቻችን ያመንነው ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ሥራውን ሥራ ያደረገው ትዝታው ከፎቶው ጋር አብሮ መሰብሰቡ ነው።

◾ ፖስት ካርዱ ምን አደረገን?

የኢትዮጵያ የድሮ ፖስት ካርድ ለምን አውሮፓ በዛ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ቀላል ነው። ፖስት ካርድ ሲፈጠርም የሚሄድ ነገር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በመካከሉ፣ በ1908፣ ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በባቡሩ የመጣው ነጋዴ፣ መሐንዲስ፣ ሚስዮናዊና ጎብኚ ካርድ እየገዛ፣ ቴምብር እየለጠፈ ለቤተሰቡ ላከ። ካርዱ ፓሪስ ወይም ማርሴይ ኮሞዲኖ ውስጥ ገባ። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ሸጡት። ዛሬ ኢቤይና ዴልካምፕ ላይ በጨረታ ሲቀርብ የምናየው እሱን ነው። እኛም ስክሪንሾት አድርገን እንለጥፈዋለን።

ካርዱ ላይ የታተመውን ጽሑፍ ግን አንብቡት። ሕንፃው ስም አለው፤ ገበያው ስም አለው፤ ወንዙ ስም አለው። ሰውየው የለውም። «የአገሬው ሴት»፣ «ተዋጊ»፣ «ውሃ ቀጂ» ተብሎ ያልፋል። ካሜራው ፊት የቆመችው ሴት እናትና አባት ያወጡላት ስም ነበራት። ለካርዱ ገዢ ግን እሷ አንድ «ዓይነት» ነበረች፤ እንደ ዛፍ፣ እንደ ወፍ ዓይነት።

የፋሺስት ወረራ ሲመጣ ይህ ነገር የባሰ መልክ ያዘ። እርቃናቸውን ወይም ግማሽ እርቃናቸውን ሆነው የተነሱ የአገራችን ሴቶች ፎቶና ካርድ በጣሊያን ወታደሮች እጅ ይዘዋወር ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አገሪቱን እንደሚወሰድ ዕቃ ለማሳየት ነው። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ወዳ ፎቶ የተነሳች ስንት ትሆናለች? ተገዳ የተነሳችስ? ዛሬ እነዚያኑ ምስሎች «የጥንት እናቶቻችን ውበት» እያለ የሚለጥፍ ሰው አለ። ሐሳቡ ቀና ሊሆን ይችላል። የሠራው ሥራ ግን የወታደሩን ካርድ ሁለተኛ ጊዜ ማከፋፈል ነው።

እንግዲህ ንጽጽሩን እናንተ ፍረዱ። ያኔ አሳታሚው «የአገሬው ሴት» ብሎ ጻፈ። አሁን እኛ «የድሮ ሴት» ብለን እንጽፋለን። እሱ ስሟን አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም። እሱ እንኳ ባዕድ ነበር።

◾ ስም የቀረለት ፎቶ ምን ይሠራል?

ልዑል ዓለማየሁን አስታውሱ። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶ አንሺ ያንኑ ዓመት ፎቶ አነሳችው። ሕፃኑ አገሩንም እናቱንም ባጣ በወራት ውስጥ ነው። ፊቱን ያየ ሰው አይረሳውም።

ያ ፎቶ ስም አለው፤ የተነሳበት ዓመትና ቦታ አለው፤ ያነሳችው ሰው ትታወቃለች። በዚህ ምክንያት ከ150 ዓመት በላይ አልፎም ፎቶው ጥያቄ ይዞ ይዞራል። ልዑሉ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ። በ2023 ዘመዶቹ አፅሙ ይመለስልን ብለው ጠይቀው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልተቀበለም። ጥያቄው ግን አልሞተም። ሰው በስሙ ይጠየቃል። ያ ምስል «አንድ ያዘነ ሐበሻ ልጅ» ተብሎ ብቻ ቢቀር ኖሮ ማን ማንን ይጠይቅ ነበር?

ፎቶ ማስረጃ እንደሚሆንም ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እናውቃለን። በዚያ ጭፍጨፋና በወረራው ዘመን ሁሉ ጣሊያኖች ራሳቸው ለመታሰቢያ ያነሷቸው የግድያ ፎቶዎች ከነጻነት በኋላ በኢትዮጵያ መንግሥት ተሰብስበው ታተሙ። ገዳዩ ሊኩራራበት ያነሳው ምስል መልሶ እሱን ከሰሰው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ቦታውንና ቀኑን ነጥቀን፣ በየዓመቱ የሰማዕታት ቀን ሲደርስ ከሌላ ጦርነት ፎቶ ጋር ቀላቅለን ስንለጥፍ ማስረጃውን እናረክሰዋለን። ነገ አንድ ካጅ ተነስቶ «ይህ ፎቶ እኮ የሌላ አገር ነው፤ የሌላ ጊዜ ነው» ቢልና በአንዱ ላይ እውነት ሆኖ ቢገኝ፣ ዘጠኙን እውነተኛ ይዞ ይወድቃል።

የካቲት 23 ሲመጣም የምናየው ያው ነው። ከማይጨው ዘመን የተነሳ ፎቶ «የዓድዋ ጀግኖች» ተብሎ ይለጠፋል። በሁለቱ ጦርነቶች መካከል አርባ ዓመት አለ። ማይጨው የዘመተው ሰው የራሱ ጦርነት፣ የራሱ የመርዝ ጋዝ፣ የራሱ ስም አለው። የአባቱን ድል ሰጥተን የእሱን መከራ ልንነጥቀው አይገባም።

◾ ፎቶው ራሱ ይናገራል፣ ካዩት

«ታዲያ እኔ ከየት አውቃለሁ? እንዳገኘሁት ነው የለጠፍኩት» የሚል መልስ ይመጣል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ትንሽ ብንመለከት ብዙ ማወቅ ይቻላል።

መኪኖቹ በየትኛው በኩል ነው የሚሄዱት? ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የቀየረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። መኪናው ግራውን ይዞ ከሆነ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሳ ነው፤ ወይም ደግሞ አንድ ሰው ምስሉን ገልብጦታል። የሱቁ ጽሑፍ ተገልብጦ ከታየ ሁለተኛው ነው። የአፍሪካ አዳራሽ ከታየ ከ1953 ወዲህ ልትሉ ትችላላችሁ። የሌኒን ሐውልት ከታየ ነገሩ ይበልጥ ይጠባል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ቆሞ በግንቦት 1983 ዓ.ም. የወረደ ነው። ሁለቱ 1983ዎች ስምንት ዓመት ይራራቃሉ፤ የዘመን አቆጣጠሩን አለመጻፍ ምን ያህል እንደሚያሳስት ይኸው። አራዳ ላይ የአፄ ምኒልክ ሐውልት በቦታው አለ ወይስ የለም? ጣሊያን ነቅሎት ስለነበር አለመኖሩም ይናገራል። የታክሲው ዓይነት፣ የሲኒማ ቤቱ ማስታወቂያ፣ የታርጋው ጽሑፍ፣ የቀሚሱ ርዝመት፣ የፀጉሩ አፍሮ ሁሉ ይመሰክራል።

«ድሮ» ግን ምንም አይመሰክርም። ድሮ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ድሮ ሁሉም ሰው የፈለገውን የሚጨምርበት ጆንያ ነው። አንዱ ናፍቆቱን ይጨምራል፤ አንዱ ቂሙን። ኮመንቱ ላይ የሚነሳው ጠብ ከዚህ ነው የሚመጣው። ቀንና ቦታ ያለው ፎቶ ግን ያከራክራል እንጂ እንደፈለጉ አያስዋሽም።

◾ ጀርባው ይበልጣል

በአገራችን ልማድ የፎቶው ግማሽ ታሪክ ጀርባው ላይ ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳ ሰው ለወዳጁ ሲሰጥ ጀርባው ላይ ይጽፋል። «ለማይረሳኝ ወንድሜ፣ ለመታሰቢያ» ይልና ስሙን፣ ከተማውን፣ ቀኑን ያሰፍራል። ከዚያ ይፈርማል። ከጎኑ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። ያ ማኅተም በራሱ ታሪክ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የቤተ መንግሥቱን ሦስት ዘመን በካሜራቸው አይተዋል። በየክፍለ ሀገሩም ስሙ ያልተመዘገበ፣ ግን የአንድ ከተማ ሰው ሁሉ በየዓመት በዓሉ ፊቱ የተቀመጠለት ፎቶ አንሺ ነበር። የዚያ ሰው ሥራ የሚታወቀው ከጀርባው ባለው ማኅተም ብቻ ነው።

እኛ ታዲያ ምን እናደርጋለን? ፊቱን ስካን አድርገን ጀርባውን እንተወዋለን። ጠርዙን እንቆርጣለን። የቻናላችንን አርማ የሙሽራዋ ግንባር ላይ እንለጥፋለን። ፎቶ አንሺው ስሙን ከጀርባ በትንሹ ሲያትም፣ እኛ ያላነሳነው ፎቶ ላይ ስማችንን ከፊት በትልቁ እናትማለን።

አሁን ደግሞ አዲስ በሽታ መጥቷል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቀለም መቀባትና ፊት «ማጥራት»። ጥቁርና ነጭ ፎቶ የነጠላው ጥለት ቀይ ይሁን አረንጓዴ አይነግረንም። መተግበሪያው የሚቀባው ግምቱን ነው። የደበዘዘ ዓይን ሲያጠራ ደግሞ የሌለ ዓይን ይሠራል። ልጅቷ አያቷን አየሁ ብላ ታለቅሳለች፤ ያየችው ግን አያቷን የሚመስል ሌላ ሰው ነው። ቀለም መቀባት ይቻላል፤ «በማሽን የተቀባ» ብሎ መጻፍና ዋናውን አብሮ ማስቀመጥ ግን ግዴታ ይሁን።

◾ ለምን አሁን?

ሦስት ምክንያት አለኝ።

አንደኛ፣ ቤቶቹ እየፈረሱ ነው። በአዲስ አበባ ፒያሳና ካዛንቺስን የመሰሉ ሰፈሮች በጥቂት ወራት ውስጥ መልካቸው ተለውጧል። ልማቱን መደገፍም መንቀፍም ሌላ ርዕስ ነው። ቤት ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ፍራሽና ድስት ይጫናል፤ የአያት ሣጥን «በኋላ» ይባላል። በኋላ ቆራሌው ይመጣል። በሰሜንም በሌሎች አካባቢዎችም በጦርነት የተፈናቀለ ቤተሰብ ለቆሎ ጊዜ ባላገኘበት ሰዓት አልበም ይዞ አልወጣም።

ሁለተኛ፣ የሚያውቁት ሰዎች እየሄዱ ነው። በ1950ዎቹ የተነሳ የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ያሉትን ልጆች በስም መጥራት የሚችል ሰው ዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ ነው። ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ባሉ ቤቶች ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በደርግ ዘመን የተሰደደው አባት ይዞት የወጣው ጥቂት ፎቶ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ልጁ ግን ጀርባው ላይ ያለውን አማርኛ ማንበብ አይችልም። አባት ሲያልፍ ፎቶው የማያውቁት ሰዎች ፎቶ ይሆናል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ የቡድን ፎቶ ሰው ያስይዛል ተብሎ ይፈራ ነበር። ከተፈላጊ ተማሪ ጎን ቆሞ የተነሳ ሰው ስለሚጠየቅ ፎቶ ያቃጠለ፣ የቀበረ፣ አንዱን ፊት በመቀስ ቆርጦ ያወጣ ቤተሰብ እንደነበረ የዚያ ዘመን ሰዎች ይናገራሉ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የጎበኘ ሰው ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች አይቷል። ብዙዎቹ ጉርድ ፎቶ ናቸው፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት የተነሱ። ቤተሰብ ደብቆ ባያቆያቸው እነዚያ ወጣቶች ዛሬ ቁጥር ብቻ ይሆኑ ነበር።

◾ «ሕጉ አይከለክልም» ለሚሉ

እውነት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አይከለክልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ለፎቶግራፍ የሰጠው ጥበቃ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። የ1960ዎቹ የሠርግ ፎቶ ላይ ማንም ገንዘብ ሊጠይቃችሁ አይችልም ይሆናል። ግን ጥያቄው የገንዘብ አይደለም። ሙሽራዋ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። ልጆቿ ኮመንቱን ያነባሉ። «ይህ የእናቴ ፎቶ ነው፣ እባካችሁ አውርዱት» ሲባል «መጀመሪያ ከሌላ ቻናል ነው ያገኘሁት» ማለት መልስ አይደለም። በአገራችን ሰው ቤት ገብቶ ግድግዳ ላይ ያለ ፎቶ ያየ እንግዳ የመጀመሪያ ጥያቄው «እኚህ ማን ናቸው?» ነው። ያን ጨዋነት ስልክ ላይ ለምን እንተወዋለን?

◾ እንግዲህ ምን ይደረግ?

ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አላመጣሁም።

1. ፎቶውን ስታነሱ ጀርባውንም አንሱ። ባዶ ቢሆንም አንሱት። ጠርዙን አትቁረጡ።

2. አራት ነገር ጻፉ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን አገኛችሁት። ያላወቃችሁትን «አልታወቀም» በሉ። «አልታወቀም» ክቡር ቃል ነው፤ የሚያውቅ ሰው እንዲናገር ቦታ ይተዋል። ግምት ከሆነ «ይመስላል» በሉ፤ ለምን እንደመሰላችሁም ጨምሩ። ዓመቱ በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ? እሱንም ጻፉ።

3. በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፤ አሥር ሰው ካለፈ በኋላ ፊቱ ይጠፋል።

4. የሚያውቅ ሰው ኮመንት ላይ ስም ከነገራችሁ ፖስቱን አስተካክሉ። ኮመንት ሥር የተቀበረ ስም ፎቶው ሲዘዋወር አብሮት አይሄድም።

5. በውርደት የተነሳን ሰው ምስል ለልብ ምልክት አትለጥፉ። ለታሪክ ካስፈለገ ማን እንዳነሳውና ለምን እንዳነሳው አብራችሁ ተናገሩ። ዘመድ አውርዱ ካላችሁ አውርዱ።

ለተቋማቱም አንድ ቃል አለኝ። ወመዘክር ብለን የምናውቀው ቤተ መጻሕፍት፣ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ዘመንን ሲያትም የኖረው ፕሬስ ትልቅ ሀብት ይዘዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ክፈቱ አልልም። በሳምንት አሥር ፎቶ ከነመረጃው በራሳችሁ ቻናል ልቀቁ። ሕዝቡ ያልታወቁትን ሰዎች ስም ይነግራችኋል። እናንተ በዓመት የማትጨርሱትን የመለየት ሥራ የሰፈር ሽማግሌዎች በአንድ ምሽት ይሠሩላችኋል።

አንባቢዎቼ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ አልበም አውርዱ። እናታችሁ፣ አባታችሁ ወይም አክስታችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ሩቅ ከሆኑ ፎቶውን ልካችሁ ደውሉ። በጣታችሁ እያመለከታችሁ «ይቺ ማን ናት?» በሉ፤ መልሱን በድምፅ ቅዱት። ሁለት ሰዓት ያወራሉ፤ ምናልባት ሰምታችሁት የማታውቁት ዘመድ ይወጣል። ከዚያ በእርሳስ፣ በስሱ፣ ጀርባው ላይ ጻፉት። በእስክሪብቶ አትጫኑ፤ ፊት ለፊት ይወጣል።

መለጠፍ ከፈለጋችሁ ከዚያ በኋላ ለጥፉ፤ ከነስሟ።